ዳኛ ያከበረው ሾው ሕዝቡን ለምን አያስነሣም? ስለ ድራም ኮር ሾው ንድፍ

ኮንትራባስ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከመካከላችን ማርቺንግ ባንድ የምናስተምር አለን፤ ልጆቻችን በ2ኛ ደረጃ ባንድ የሚጫወቱም አለን፤ በየበጋው ከዋሽንግተንና ከሜሪላንድ ተነሥተን አለንታውን፣ ፔንሲልቬንያ ድረስ የዲሲአይን (የአሜሪካ ድራም ኮሮችን የሚያወዳድረውን ድርጅት) ውድድር ለማየት የምንሄድም አለን። ለአዲስ ሰው፦ ድራም ኮር በብራስ (በመለከት ዓይነት የትንፋሽ መሣሪያዎች)፣ በከበሮና በባንዲራ ሜዳ ላይ እየተንቀሳቀሰ ሾው የሚያሳይ የወጣቶች ቡድን ነው። ከውድድሩ በኋላ የሚሰማው ወሬ ያው ነው፦ «አንደኛ የወጣው ምን ማለት እንደፈለገ አልገባኝም፤ ስድስተኛ የወጣው ግን ከመቀመጫዬ አስነሣኝ።»

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። ድፍረት ያለበት የጥበብ ሥራና የሕዝብ ፍቅር በድራም ኮር ሜዳ ላይ የግድ ይጣላሉ? የሚጣሉ ከሆነስ የት ላይ ነው፤ በሙዚቃ ምርጫው፣ በድሪሉ (ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ እየተንቀሳቀሱ በሚሠሩት ቅርጽ) ወይስ በዳኝነቱ ቅጽ? እባካችሁ «የድሮው ይሻለኛል፣ የአሁኑ ይሻለኛል» ከምትሉ በካውንት (በሙዚቃው ምት ቁጥር)፣ በያርድና በደቂቃ አስረዱን።

ቅጽ_አንባቢ

ከነጥብ አሰጣጡ እንነሣ፤ ግማሹ መልስ እዚያ ነው።

ጠቅላላው 100 ነጥብ ነው። 40ው የጀነራል ኢፌክት (ሾው በጠቅላላው ተመልካች ላይ የሚያሳድረው ውጤት)፣ 30ው የእይታ፣ 30ው የሙዚቃ። ኢፌክት ላይ እያንዳንዳቸው 20 የሆኑ ሁለት ቅጾች አሉ፤ ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ይደመራሉ። እይታና ሙዚቃ ላይ ግን እያንዳንዳቸው 20 የሆኑ ሦስት ሦስት ቅጾች ተደምረው ለሁለት ይካፈላሉ። ስለዚህ አንድ ኮር በብራስ ቅጹ ላይ 4 አስረኛ (0.4 ነጥብ) ቢያሻሽል ወደ ጠቅላላው የሚገባለት 2 አስረኛ ብቻ ነው። ያንኑ 4 አስረኛ ኢፌክት ላይ ቢያገኝ ሙሉውን ይወስዳል። የአንደኛና የሁለተኛ ልዩነት በአስረኛ በሚለካበት ውድድር ንድፍ አውጪው ጉልበቱን ወዴት እንደሚያፈስስ ግልጽ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ኢፌክት ምን ይለካል የሚለው ነው። ዳኛው የሚመዝነው ሦስት ነገር ነው፤ አእምሮን የሚይዘውን፣ ስሜትን የሚነካውንና የውበት ስሜት የሚያሳድረውን። ሕዝብ ብድግ ብሎ ሲጮኽ በአብዛኛው የታየው ሁለተኛው ነው። ስድስተኛ የወጣው ኮር በስሜት በኩል ከሁሉም በልጦ በሁለቱ ሊያንስ ይችላል። ሰዎች «ዳኞቹ ደንቁረው ነው» ሲሉ ይህን ይረሳሉ።

ታሪኩንም ልጨምር። እስከ 1983 ድረስ ዳኞች ስህተት እየቆጠሩ ለእያንዳንዱ አንድ አስረኛ ይቀንሱ ነበር። በዚያ ሥርዓት ከባድ ነገር የሚጽፍ ሰው ራሱን ይቀጣ ነበር ማለት ነው፤ የሚያዋጣው ቀላሉን አጥርቶ መጫወት ነበር። ከ1984 ጀምሮ ነጥብ ከታች ወደ ላይ መገንባት ሲጀምር የይዘት ክብደት ራሱ መከፈል ጀመረ። ዛሬ የምናየው ድፍረት የዚያ ለውጥ ልጅ ነው፤ እኔ በበኩሌ ወደ ድሮው እንዲመለስ አልፈልግም።

የላይኛው_ረድፍ

ቅጽ_አንባቢ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን ተዘልሏል። ዳኛውና ተመልካቹ የሚያዩት አንድ ሾው አይደለም።

ዳኞች ከጁን እስከ ኦገስት በሚዘልቀው ወቅት አንድን ኮር ደጋግመው ያገኙታል። ከንድፍ አውጪዎቹም ጋር ይነጋገራሉ፤ «እዚህ ቦታ ምን አስባችሁ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። አለንታውን ላይ ቲኬት የገዛው ሰው የሚያየው አንድ ጊዜ፣ ለ11 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ምናልባትም ከሜዳው መሐል ርቆ ከ20 ያርድ መስመር ትይዩ፣ ዝቅ ካለ ረድፍ ላይ ተቀምጦ። ከዚያ ቦታ ድሪል ቅርጽ የለውም። ከላይ ከፕሬስ ቦክስ (ከሜዳው መሐል ትይዩ ካለው የጋዜጠኞች ክፍል) ሲታይ ክብ የነበረው ነገር ለእሱ የሚንቀሳቀስ የእግር ጫካ ነው። በሦስተኛው እይታ እንዲገባ ተደርጎ የተሠራ ሾው ዳኛውን እየካሰ ይሄዳል፤ ተመልካቹን ግን ሜዳው በር ላይ ጥሎት ይገባል።

ስታር ኦፍ ኢንዲያና የተባለውን ኮር የ1993 ሾው ሁሉም ያነሣዋል፤ እኔም ላንሣው። የ20ኛው ክፍለ ዘመን የሙዚቃ ደራሲዎች የባርበርና የባርቶክ ሙዚቃ ነበር፤ ጨለማና ሻካራ። በዚያ ወቅት ከተመልካች ተቃውሞ እንደገጠመው በሰፊው ይነገራል። በፍጻሜው 97.3 አግኝቶ 97.4 ባገኘው በካዴትስ ኮር ተሸነፈ፤ የአንድ አስረኛ ልዩነት። ኮሩ ከዚያ በኋላ ውድድሩን ተወው። ያው ቡድን የተከተለው መንገድ ወደ መድረክ ወስዶት «ብላስት!» የተባለው ትርኢት በ2001 የቶኒ (የአሜሪካ የቲያትር) ሽልማት አገኘ።

ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ «ሕዝቡ ተሳስቶ ነበር» ብሎ ይደመድማል። እኔ ሌላ ነገር አያለሁ። ቲያትር ቤት ውስጥ መብራት አለ፤ መብራቱ ዓይንን ይመራል፤ የቀረውን ጨለማ ይውጠዋል። የአሜሪካ እግር ኳስ ሜዳ ላይ ግን ሁሉም ነገር እኩል በርቷል። «እዚህ ተመልከት» የሚል ነገር ካልተሠራ በስተቀር ረቂቅ ሐሳብ በ100 ያርድ ስፋት ላይ ይበተናል። ስለዚህ ጉዳዩን ከሕዝቡ ጣዕም በፊት ዓይንን በመምራት ሥራ ላይ ብንፈልገው ይሻላል።

ድሪል_ጸሐፊ

የላይኛው_ረድፍ የመጨረሻዋን ነጥብ እኔ ልቀበልና ወደ ሥራው ልውሰዳት። ሕዝብ የሚነሣበት ቅጽበት፣ እኛ «ሂት» የምንለው፣ በአጋጣሚ አይመጣም። አሠራር አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸውም በሂሳብ ነው።

ብራሱን ከሜዳው ጀርባ አንሥታችሁ ወደ ፊት አምጥታችሁ ማስጮኽ ፈለጋችሁ እንበል። ርቀቱ 20 ያርድ ነው። መደበኛው እርምጃ በ5 ያርድ 8 ነው፤ አንዱ እርምጃ 57 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 20 ያርድ በዚህ እርምጃ 32 ካውንት ይፈጃል። ፍጥነቱ በደቂቃ 160 ከሆነ 12 ሰከንድ ማለት ነው። ሙዚቃ ጻፊው ለማደጊያው 16 ካውንት ብቻ ሰጥቶ ከሆነ እያንዳንዱ እርምጃ 114 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ያ መዝለል ነው፤ አፉ ላይ ያለው መሣሪያ ይንገጫገጫል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ በጣም የሚያምረው ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች ቅንብር) ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ የላቸውም። በ24 ካውንት ቢሆን 76 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ የሠለጠነ ኮር ይችለዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ከአራንጀሩ (ከሙዚቃ ጻፊው) ጋር ተቀምጣችሁ ወይ 8 ካውንት ጨምሩ ወይ ብራሱን ቀድሞውኑ 10 ያርድ ወደ ፊት አስጠጉት።

ሂቱ ላይ ሲደረስ ደግሞ አራት ነገር በአንድ ጊዜ መሆን አለበት። ደወሎቹ (የመለከቶቹ ሰፊ አፎች) በሙሉ ወደ ፕሬስ ቦክስ ይዙራሉ። ከበሮዎቹ ከብራሱ ኋላ ወይም ጎን እንጂ ፊት አይቆሙም። ከለር ጋርዱ (በባንዲራና በትርኢት ጠመንጃ የሚደንሰው ክፍል) ባንዲራውን ወይም ጠመንጃውን የሚወረውረው ከኮርዱ ቀድሞ ነው፤ ዕቃው ጫፍ ላይ ሲደርስ ድምፁ እንዲመታ። እግር ደግሞ ይቆማል፤ እየተራመዱ የሚመታ ሂት ከቆመው ሂት በጉልበት ያንሳል።

ብዙ ደፋር ሾው የሚወድቀው ከዚህ በኋላ ባለው ላይ ነው። ኮርዱ እንደቆመ ወዲያው ቀጣዩ ረቂቅ ሐረግ ይጀምራል። ሕዝቡ ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሣ አዲስ ነገር ይሰማል፤ «አሁን አይደለም መሰለኝ» ብሎ እጁን ይመልሳል። ሁለቴ እንዲህ ከሆነበት በሦስተኛው አይሞክርም። ከሂቱ በኋላ ቢያንስ 8 ካውንት ተዉለት፤ በ160 ፍጥነት 3 ሰከንድ ብቻ ነው። ባዶ መሆኑ የሚያስፈራችሁ ከሆነ ቤዝ ድራሞቹ (ትልልቆቹ ከበሮዎች) ዝቅ ብለው አንድ ነገር ይደጋግሙ። ጭብጨባው ቢሸፍነውም የሚጠፋ ይዘት የለም።

ኮንትራባስ

ይህ በጣም ይጠቅማል። ስለ ድምፅ ማጉያና ስለ ንግግር ደግሞ የምታውቁ ካላችሁ ቀጥሉ። የወላጆች ትልቁ ቅሬታ «ስፒከሩ የሚያወራው አይሰማም፣ ብራሱም ተሸፈነ» የሚል ነው።

ፒት_ድምፅ

ማጉያ በ2004፣ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ደግሞ በ2009 ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ተመልካችን ከሚያስቆጡ ነገሮች ግማሹ ከእነዚህ የሚመጣ ነው፤ አብዛኛው ግን ሊታረም የሚችል ነው።

ንግግር። ብራስ እየተጫወተ በላዩ ላይ የሚነገር ዓረፍተ ነገር ይጠፋል፤ ተነባቢዎቹ በመለከቱ ድምፅ ይሸፈናሉ፣ አናባቢው ብቻ ይቀራል። የኢንዲያናፖሊሱ ሉካስ ኦይል ስታዲየም፣ ከ2009 ጀምሮ ፍጻሜው የሚካሄድበት፣ ጣሪያ ያለው ሰፊ ቦታ ስለሆነ ማሚቶው ይብሳል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከ8 ቃላት አይለፍ፤ ከሥር ዝምታ ወይም አንድ ቫይብራፎን (የብረት ቁልፎቹ በዱላ የሚመቱ መሣሪያ) ብቻ ይሁን፤ ተከታዩ ሐረግ ከመምጣቱ በፊት 2 ሰከንድ ይጠበቅ። ሐሳቡን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ቃል ካስፈለገ ችግሩ ንድፉ ላይ ነው። የካዴትስ የ2006ና የ2007 ሾዎች በትረካ የተሞሉ ነበሩ፤ የአድናቂው ቅሬታም በሙዚቃው ላይ ሳይሆን በንግግሩ ብዛት ላይ ነበር።

የታችኛው ድምፅ። ከሲንተሳይዘር (ሲንት፣ የኤሌክትሮኒክስ ኪቦርድ) የሚወጣ ነጎድጓድ መሰል ቤዝ አለ። ፒቱ (ሜዳው ፊት ላይ ቆሞ የሚጫወተው የመሣሪያዎች ክፍል) አጠገብ የቆመ ሰው አያስተውለውም፤ 40ኛ ረድፍ ላይ ያለው ግን ቱባውን (ወፍራም ድምፅ ያለውን ትልቅ የብራስ መሣሪያ) ከነአካቴው አይሰማም። ልምምድ ላይ ሚክሰሩን የሚይዘው ሰው ሜዳ ዳር ስለሚቆም ስህተቱ ሳይታወቅ ሳምንታት ያልፋል። ማረሚያው ቀላል ነው፦ ቱባዎች ዜማ ወይም የኮርዱን ሥር ሲይዙ የሲንቱ ቤዝ ጠፍቶ ይቆይ፤ ቱባዎች ሲያርፉ ይመለስ። ሚዛኑም የሚወሰነው ከላይ ተቀምጦ በሬዲዮ በሚናገር ሰው ጆሮ ይሁን።

ኤሌክትሮኒክስ ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። የብሉኮትስ ኮር የ2014 ሾው «ቲልት» መጨረሻው ላይ የመላው ኮር ድምፅ ከሲንቱ ጋር እየተንሸራተተ ወደ ታች ሲወርድ ስታዲየሙ በጩኸት ይናጥ ነበር። ያ ሐሳብ ረቂቅ ነው፤ ቃናን ማጉበጥ። ግን ማንም ማብራሪያ አላስፈለገውም፤ ጆሮ ራሱ ያውቀዋል። ሲንቱም የገባው ብራሱ ብቻውን የማይችለውን ለመሥራት ነበር።

ቅጽ_አንባቢ

@የላይኛው_ረድፍ፣ ስለ 1993ቱ ባሉት በከፊል አልስማማም። ዓይን መምራት አስፈላጊ ነው፤ እሺ። ሆኖም አንዳንድ ሥራ ቀስ ብሎ የሚገባ ነው፤ ቀስ ብሎ በመግባቱም ጥፋት የለበትም። ብሉ ዴቭልስ በ2012 ዳዳ በተባለው የሥነ ጥበብ እንቅስቃሴ ላይ ሾው ሠርተው አሸነፉ። ዳዳ ራሱ ትርጉም የለሽነትን የሚፈልግ ነገር ነው፤ ለሁሉም እንዲገባ አድርጎ ማቅረብ ሐሳቡን መካድ ይሆን ነበር። በ2014 ደግሞ በጣሊያናዊው የፊልም ሠሪ በፌሊኒ ዓለም ላይ ሠርተው 99.650 አገኙ፤ በዲሲአይ ታሪክ ከፍተኛው ነጥብ ነው። ያን ነጥብ የሰጠው የሐሳቡ ረቂቅነት ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ የተሸከሙት የእንቅስቃሴና የሙዚቃ ጭነት፣ አጥርተው መጫወታቸውም ጭምር ነው። ሁሉም ኮር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው ብቻ ቢጽፍ የውድድሩ ጥበብ ባለበት ይረግጣል። የዛሬ አድናቂ ተነሥቶ የሚያጨበጭብለት ነገር ብዙው ከ20 ዓመት በፊት «አይገባም» የተባለ ነው።

የላይኛው_ረድፍ

ስለ ጭነቱና ስለ አጨዋወቱ አልከራከርም፤ ያሸነፉት ይገባቸዋል። ግን «ሐሳቡ ስለሚፈልገው ነው» የሚለው መልስ ለብዙ ደካማ ንድፍ መሸሸጊያ ሆኗል። ብሉ ዴቭልስ ያን የሚያደርጉት በዚያ የአጨዋወት ደረጃ ነው። 14ኛ የሚወጣ ኮር ያንኑ ግራ መጋባት ሲኮርጅ ግራ መጋባቱ ብቻ ይቀራል።

የማይታወቅ ሙዚቃ ሕዝብን ያርቃል የሚለውንም አልቀበልም። የካቫሊየርስ የ2002 «ፍሬምዎርክስ» ሙዚቃው ለዚያ ሾው ተብሎ የተጻፈ ነው፤ አንድም ሰው የሚያንጎራጉረው ዜማ አልነበረውም። 99.15 አግኝቶ አሸነፈ፤ ሕዝቡም ወደደው። ምክንያቱ ድሪሉና ሙዚቃው አብረው ስለተጻፉ ነው። ጆሮ የሰማውን ምት ዓይን በዚያው ቅጽበት ሜዳው ላይ ያየዋል። ተመልካቹ ዘፈኑን ባያውቅም ቀጥሎ የሚመጣውን መጠበቅ ይማራል። በ1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ውስጥ ይህን ቋንቋ ካስተማራችሁት በኋላ ወደፈለጋችሁት ጨለማ ይዛችሁት መግባት ትችላላችሁ።

በተቃራኒው የፋንተም ሬጅመንትን 2008 እዩ። «ስፓርታከስ»፤ ታሪኩ ግልጽ፣ ልጆቹ «እኔ ስፓርታከስ ነኝ» እያሉ የሚጮኹበት፣ ሕዝቡ ከነሱ ጋር ያበደበት። ብሉሚንግተን፣ ኢንዲያና ላይ በ98.125 ለ98.100 አሸነፈ። ልዩነቱ የአስረኛ ሩብ ነው። የስሜት ሾው አያሸንፍም የሚል ሰው ይህን ቁጥር ግድግዳው ላይ ይለጥፍ።

ባንዲራና_ሰይፍ

በከለር ጋርድና በፕሮፕ (ሜዳ ላይ በሚቆም የትርኢት ዕቃ) በኩል ያለውን እኔ ላክል።

ሜዳ ላይ ከ150 በላይ ሰው አለ። ተመልካች በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ነገር ነው። ሶሎ ካለ ሌላው ይቁም ወይም ጀርባውን ይስጥ፤ «ባዶ ሆኖ እንዳይታይ» ተብሎ ከኋላ 12 ጠመንጃ የሚወረወርበት ሶሎ ማንም አያስታውሰውም። ዓይን ሁልጊዜ ወደሚበርር ዕቃ ይሄዳል፤ ሙዚቃው የቱንም ያህል ቢያምር አያሸንፈውም።

የሚቆም ሸራ የምትሠሩ ደግሞ ነፋስን አስሉ። 2.4 በ3.6 ሜትር የሆነ ሙሉ ሸራ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ነፋስ ሲመታው ከ60 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር የሚመጣጠን ግፊት ያርፍበታል። የሥሩ ጥልቀት 1.8 ሜትር ከሆነ ከነፍሬሙ ጠቅላላ ክብደቱ ቢያንስ 125 ኪሎ ካልሆነ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ሸራውን ነፋስ በሚያሳልፍ መረብ መሰል ቪኒል መተካት ግፊቱን ይቀንሳል፤ ግን ከኋላ ያለው ሰው በመብራት ስለሚታይ ለመደበቂያ አይሆንም። ጎማው ትንሽ ከሆነ ሣር ላይ ይሰምጣል፤ ዲያሜትሩ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ አየር የሚሞላ ጎማ ይሻላል። የሾው ሐሳብ በሙሉ በአንድ ፕሮፕ ላይ ከተንጠለጠለ ነፋስ ያለበት ምሽት ያ ፕሮፕ ሜዳ ሳይገባ ሲቀር ሕዝቡ ምንም የማይነግረው ሾው ያያል። ስለዚህ ያለ ፕሮፕ አንድ ሙሉ ልምምድ አድርጉ፤ ታሪኩ ይቆማል ወይስ አይቆምም በዚያ ይታወቃል።

ዜማ_ፈቃድ

ማንም ያላነሣው አንድ ምክንያት አለ። ሰዎች «ለምን የምናውቀውን ዘፈን አይጫወቱም?» ይላሉ። የታወቀ ዘፈን ለኮር መሣሪያዎች አስተካክሎ ለመጻፍ ከባለመብቱ የአራንጅመንት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በቪዲዮ ለመልቀቅ ደግሞ ሌላ ፈቃድ። አንዱ ተገኝቶ ሌላው ሲከለከል ቪዲዮው ላይ ያ ክፍል ድምፅ አልባ ሆኖ ይቀራል። መልሱ ዘግይቶ «አይቻልም» ከሆነ ድሪሉ የተጻፈበት ሙዚቃ የለም ማለት ነው። ብዙ ኮር ወደ አዲስ ድርሰት ወይም የመብት ጊዜው ወዳለፈ ሙዚቃ የሚሄደው በጥበብ ፍላጎት ብቻ አይደለም። ለ2ኛ ደረጃ ባንድ ለምታቅዱ፦ ጥያቄውን በክረምቱ (በአሜሪካ የቅዝቃዜ ወራት) መጀመሪያ ላኩ፤ ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ ተለዋጭ ያዙ፤ ፈቃዱ በጽሑፍ ሳይገባ አንድም የድሪል ነጥብ (የተጫዋች መቆሚያ) ሜዳ ላይ አታስቀምጡ።

ድሪል_ጸሐፊ

የላይኛው_ረድፍ ያለውን «ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው» በሥራ ላይ የሚያውሉበትን መንገድ ላስቀምጥ።

መጀመሪያ ወረቀት ላይ። 11 ደቂቃውን በ15 ሰከንድ ክፈሉት፤ 44 ሳጥን ይሆናል። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 10 የጉልበት ቁጥር ስጡት፤ አንዱን ለጆሮ፣ አንዱን ለዓይን። ከ4 ሳጥን በላይ ተከታትሎ 8ና ከዚያ በላይ ካለ ሕዝቡ ይደነዝዛል፤ አንድ ደቂቃ ሙሉ የጮኸ ነገር ከእንግዲህ ጩኸት አይደለም። ከ6 ሳጥን በላይ ከ3 በታች ከሆነ ሰው ስልኩን ያወጣል። ጆሮ 9 ሆኖ ዓይን 3 የሆነበት ቦታ ካለ ሂቱ የሚከሽፈው እዚያ ነው።

ቀጥሎ ሾውን ፈጽሞ ያላየ 3 ሰው አምጡ። አንዱ 50 ያርድ ላይ ከፍ ብሎ፣ አንዱ 20 ያርድ ላይ ዝቅ ብሎ፣ አንዱ ሜዳው ጫፍ አካባቢ ይቀመጥ። አንድ ጊዜ ብቻ ይዩ። ስለ ሐሳቡ አትንገሯቸው፤ «ወደዳችሁት?» ብላችሁም አትጠይቁ፤ ሰው ልጆቹን ላለማስቀየም አዎ ይላል። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ የትኞቹን ሦስት ቅጽበቶች ታስታውሳላችሁ? የት ላይ ማየት ያለባችሁን አጣችሁ? መቼ ማጨብጨብ ፈልጋችሁ ተዋችሁት? ሦስተኛው ጥያቄ የሚያወጣው ቦታ ብዙ ጊዜ በ8 ካውንት የሚድን ነው።

ቅጽ_አንባቢ

ይህን ፈተና እቀበላለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምርበት። ያንኑ ጥያቄ ሾውን 5 ጊዜ ላየ ሰውም አቅርቡ። በአምስተኛው እይታ አዲስ ነገር ካላገኘ ወቅቱ ሳያልቅ ዳኛውም ይሰለቻል፤ ነጥቡም ጁላይ ላይ ይቆማል።

አዲስ_አባል

ይቅርታ፣ ትንሽ ከርዕሱ እወጣ ይሆናል። ድሪል_ጸሐፊ ከበሮዎቹ ከብራሱ ኋላ ይሁኑ ብለዋል። ከኋላ ሲሆኑ ድምፁ አይዘገይም? ባንዳችን ላይ ፒቱና ከበሮው ሁልጊዜ ይለያያሉ።

ፒት_ድምፅ

ከርዕሱ አልወጣህም፤ ሂት የሚከሽፍበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሜዳው ከፊት እስከ ኋላ 48.8 ሜትር ስለሆነ ከኋላው መስመር የተመታ ከበሮ ፊት ለፊት የሚደርሰው ከ142 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ነው። በ160 ፍጥነት አንድ ካውንት 375 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ከሲሶ በላይ ይዘገያል። ፒቱ የድራም ሜጀሩን (በእጁ ምት የሚመራውን) እጅ እያየ ከተጫወተ ተመልካቹ ሁለት ምት ይሰማል።

መፍትሔው ሥራ መከፋፈል ነው። የድራም ሜጀሩን እጅ የሚያየው ኋላ ያለው የከበሮ መስመር፣ በተለይ መካከለኛው ስኔር (ሹል ድምፅ ያለው ትንሽ ከበሮ) ነው። ፒቱ እጁን አያይም፤ ከኋላው የሚመጣውን ድምፅ ሰምቶ በላዩ ላይ ይጫወታል። በመካከል ያለው ብራስም ከኋላው የሚሰማውን ይከተላል፤ ከፊቱ ያለውን ማሪምባ (የእንጨት ቁልፎች ያሉት የፒት መሣሪያ) ከተከተለ ግን በእጥፍ ይዘገያል። ለመፈተን ሜትሮኖሙን ከኋላው መስመር ጀርባ፣ ከከበሮው አጠገብ አስቀምጡት እንጂ ፒቱ ጋር አታድርጉት። አንድ ሰው ላይ ወጥቶ ስኔርና ማሪምባ ብቻ 16 ካውንት ሲጫወቱ ይስማ፤ ማሪምባው ከቀደመ አሁንም እጅ እያየ ነው ማለት ነው።